ይግባኝ ሰሚው ያላያት ልጅ

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የባሕር ዳሯ የሰባት ዓመት ሕፃን ጉዳይ አገር ምድሩን ሲያነጋግር ወንጀሉ ከተፈጸመ ዓመት አልፎት ነበር። ሕፃኗን ደፍሮ የገደለው ሰው 25 ዓመት ተፈርዶበታል። እናቷ በአደባባይ ስትናገር ሰሚውን ያንገበገበው የቅጣቱ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ፍርደኛው ይግባኝ መጠየቁም ነበር። «እንዲህ ላለው ሰው ደግሞ ምን ይግባኝ አለው?» የሚል ቁጣ በየቤቱና በየታክሲው ተሰማ፤ ፍትሕ የሚጠይቅ የፊርማ ማሰባሰቢያም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አገኘ።

ቁጣው የጤነኛ ሕዝብ ቁጣ ነው። በሕፃን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የማይቆጣ ማኅበረሰብ ያሳስበኛል። ይግባኝ ይቅር የሚለውን ግን አልቀበልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 6 ማንም ሰው በተሰጠበት ፍርድ ላይ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት አለው ሲል ወንጀል እየመረጠ አይደለም። መጠየቅ ያለብን ሌላ ነገር ነው፦ በሕፃን ላይ የተፈጸመ ወንጀል ወደ ይግባኝ ሲወጣ፣ ልጁን ወይም ልጅቷን በዐይኑ አይቶ የማያውቀው ችሎት የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ የሚያፈርሰው በምን ምክንያት ነው? ምክንያቱንስ የት ይጽፈዋል? ለማንስ ይነግራል?

ለዚህ ጥያቄ ከአርሲ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

በመጋቢት 1993 ዓ.ም. በአርሲ ዞን፣ በጉና ወረዳ፣ የ13 ዓመት ልጅ ተጠለፈች፤ ጠላፊዋም ደፈራት። ፖሊስ ከቀናት በኋላ አስጥሏት ሰውየውን ያዘው። ሰውየው በዋስ ተለቀቀ፤ እንደገናም ጠለፋት። በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ለአንድ ወር ያህል ደብቆ ያዛት፤ ከማምለጧ በፊትም የጋብቻ ውል እንድትፈርም አስገደዳት። ያ ፊርማ ያለ ነገር አልተፈለገም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ያገባ እንደሆነና ጋብቻው በሕግ የጸና ከሆነ ከክስ ያመልጥ ነበር። ጠላፊው ሕጉን ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ወይም የሚያውቅ መካሪ ነበረው።

ልጅቷ ዝም አላለችም። ሐምሌ 1995 ዓ.ም. የጉና ወረዳ ፍርድ ቤት ጠላፊውን በ10 ዓመት፣ አራት ግብረ አበሮቹን እያንዳንዳቸውን በ8 ዓመት እስራት ቀጣ። በዚያ ዘመን፣ በገጠር ወረዳ፣ ጠለፋ ባህል ነው በሚባልበት አካባቢ እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠት ቀላል አልነበረም። የወረዳው ችሎት ልጅቷን አይቷታል፤ ስትናገርም ሰምቷታል፤ በሰማውም ላይ ፈረደ።

ከዚያ ጉዳዩ በይግባኝ ወደ አርሲ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወጣ። ኅዳር 1996 ዓ.ም.፣ ማለትም አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ አምስቱንም ለቀቃቸው። ምክንያቱ ማስረጃው ድርጊቱ በፈቃድ የተፈጸመ መሆኑን ያመለክታል የሚል ነበር። በዚያው በአሮጌው ሕግ ከ15 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት መፈጸም ራሱን ችሎ ወንጀል ነው፤ ፈቀደች አልፈቀደች የሚለው ጥያቄ ጨርሶ አይነሣም። ሁለት ጊዜ ተጠልፋ ሁለት ጊዜ ያመለከተች የ13 ዓመት ልጅ ፈቅዳለች ብሎ መጻፍ እንዴት ይቻላል? ይህ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎትም ይቆረቁረኛል።

ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ቢሄድም የበላይ ችሎቶቹ አላረሙትም። እዚህ ላይ ስለ አሠራራችን አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚመረምረው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው። ማን ምን አለ፣ የትኛው ምስክር ይታመናል የሚለውን አይመዝንም። ስለዚህ የልጅን ቃል ዋጋ ለመጨረሻ ጊዜ የሚመዝነው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነው። እርሱ «ፈቅዳለች» ብሎ ካመነ፣ የሕግ ስህተቱ እንደ ማስረጃ ምዘና ተሸፋፍኖ ያልፋል፤ ከላይ ያለውም ችሎት «ይህ የፍሬ ነገር ጉዳይ ነው» ብሎ መዝገቡን ለመዝጋት ይመቸዋል። በሕፃናት ጉዳይ ላይ ይግባኝ ሰሚው ካለበት ኃላፊነት የሚከብድ በፍርድ ቤት ሰንሰለታችን ውስጥ የለም የምለው ለዚህ ነው።

ልጅቷን ወክለው ኢኳሊቲ ናው የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅትና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ወደ አፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ወሰዱት፤ ቁጥሩ 341/2007 ሆኖ ተመዘገበ። ኮሚሽኑ ውሳኔውን የሰጠው በ2008 ዓ.ም. ነው። መንግሥት የልጅቷን አካላዊ ደህንነት፣ ክብር፣ ነፃነት፣ የሕግ ጥበቃ የማግኘትና አቤቱታዋ በአግባቡ የመሰማት መብት ጥሷል ሲል ወሰነ፤ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፈላትም አዘዘ። የ13 ዓመቷ ልጅ ያኔ የ27 ዓመት ገደማ ሴት ነበረች። ኮሚሽኑ በጾታ ላይ የተመሠረተ አድልዎ ተፈጽሟል የሚለውን አቤቱታ አለመቀበሉ ግን እስካሁን ያስተቸዋል፤ በእኔም እምነት ትችቱ ልክ ነው። ወንድ ልጅ ተጠልፎ ቢሆን ኖሮ «ፈቅዷል» የሚል ፍርድ ይጻፍ ነበር ብዬ አላምንም።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠላፊን በጋብቻ ሰበብ ነፃ የሚያወጣውን በር ዘግቷል። ከ13 ዓመት በታች ባለ ሕፃን ላይ ለሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድፍረትም አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል፤ ድርጊቱ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ደግሞ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ነው። ይግባኝ የሚሰማበት መንገድ ግን በአብዛኛው የቆመው በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ላይ ነው። በዚህ ሕግ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የጥፋተኝነት ውሳኔውን መሻር፣ ቅጣቱን ማጽናት፣ መቀነስ፣ ማክበድም ይችላል። ሥልጣኑ ሰፊ ነው። የሥልጣኑን ያህል ግን የማስረዳት ግዴታው አልተጻፈለትም።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልሂድ፤ ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው «እንግዲያው የሥር ፍርድ ቤት የፈረደውን ማንም አይንካው» ብሎ እንዲደመድም አልሻም።

በሰሜን ፈረንሳይ ቡሎኝ-ሱር-ሜር ከተባለችው የወደብ ከተማ አጠገብ ኡትሮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ እዚያ በሕፃናት ላይ አሰቃቂ ወንጀል ተፈጽሟል፤ 12 ሕፃናት የመደፈርና ለወሲብ ንግድ የመዳረግ ሰለባ መሆናቸው በፍርድ ቤት ተረጋግጧል። ነገር ግን በዚያ ክስ ውስጥ ምንም ያላደረጉ ሰዎችም አብረው ታሰሩ። ዋናዋ ከሳሽ፣ ራሷም ጥፋተኛ የነበረች እናት፣ የጎረቤቱንና የማታውቀውን ሰው ስም ጠራች፤ መርማሪው ዳኛም ሁሉንም ተቀበለ። ከ17ቱ ተከሳሾች ሰባቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በሴንት-ኦሜር ነፃ ወጡ፤ 10 ሰዎች ግን ጥፋተኛ ተባሉ። ከእነዚህ ስድስቱ ይግባኝ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 2005 የፓሪስ የይግባኝ ችሎት ስድስቱንም በነፃ አሰናበታቸው፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ይቅርታ ጠይቀው ነበር። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ግን ፍርዱን ሳያይ በእስር ላይ ሞቷል። ከነፃዎቹ መካከል ለዓመታት የታሰሩ፣ የገዛ ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ነበሩ።

በፈረንሳይ በዚያን ጊዜ እንዲህ ባለ ከባድ ወንጀል ይፈርድ የነበረው ሕዝብ የሚቀመጥበት ችሎት ነበር፤ ሕዝብ በፈረደው ላይ ደግሞ ይግባኝ የለም ሲባል ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ኖሯል። ይግባኝ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2000 በወጣ ሕግ ሲሆን ሥራ ላይ የዋለውም በ2001 ነው። የኡትሮ ጉዳይ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ስድስት ሰዎች የሕፃናት ደፋሪ ተብለው በቀሩ ነበር። በእኛም አገር በሕፃን ስም የሚቀርብ ክስ ሁሉ እውነት አይደለም፤ የመሬት ክርክርና የፍቺ ቂም ያለበት ቤት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ጠበቆች ያውቁታል። የኡትሮ ሕፃናት ግን በእውነት ተጎድተዋል፤ ንጹሐን በስህተት መታሰራቸው የእነርሱን ጉዳት አላሳነሰውም፤ የእነርሱ መጎዳትም የንጹሐኑን እስር ትክክል አላደረገውም። የፓሪሱ ችሎት ሥራ ሁለቱን መለየት ነበር፤ የለየውም ክሱን እንደገና ሰምቶ፣ ምስክሮቹን እንደገና አቁሞ ነው።

ልዩነቱ ይህ ነው። በአርሲ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከወረዳው በተለየ ሁኔታ ፈረደ፤ በፓሪስም የይግባኙ ችሎት ከሴንት-ኦሜር በተለየ ሁኔታ ፈረደ። የፓሪሱ ግን ያፈረሰውን ምስክርነት ራሱ ሰምቶታል። በፈረንሳይ እንዲህ ባለ ጉዳይ ይግባኝ ማለት ሁለተኛ ሙሉ ክርክር ነው። የእኛ ይግባኝ ሰሚ በአብዛኛው የሚያየው መዝገብ ነው። ዳኛው ልጅቷ ስትናገር የተቋረጠችበትን፣ ጥያቄው ያልገባትን፣ ያለቀሰችበትን ቦታ በጽሑፍ ካልሰፈረ አያውቀውም፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ አይሰፍርም። ስለዚህ በወረቀት ብቻ የሚሠራ ይግባኝ ሰሚ የሥር ፍርድ ቤት ያመነውን ምስክር ሲክድ ከፓሪሱ ይልቅ መጠንቀቅ ነበረበት፤ ቢያንስ የሥር ፍርድ ቤቱ የቱ ላይ እንደተሳሳተ በገጽና በመስመር ማሳየት ነበረበት።

ስለ ቅጣት ደግሞ የካናዳን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላንሣ። ከማኒቶባ ጠቅላይ ግዛት በመጣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ሰው በኢንተርኔት መተዋወቂያ ባገኛት ሴት የአራት ዓመት ሕፃን ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት አድርሷል፤ እናቲቱንም አስፈራርቶ ሊያስገድዳት ሞክሯል። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት 6 ዓመት ፈረደበት። የማኒቶባ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሰውየው ለልጅቷ በአደራ የተሰጠ ኃላፊነት አልነበረውም፣ የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም የተሳሳተ መነሻ ተጠቅሟል ብሎ ወደ 4 ዓመት ከ6 ወር አወረደለት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ክርክሩን እንደሰማ 6 ዓመቱን መለሰ፤ ምክንያቱንም በሚያዝያ 2020 በዋና ዳኛ ሪቻርድ ዋግነርና በዳኛ ማልኮም ሮው አማካይነት በሰፊው ጻፈ።

በዚያ ፍርድ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅም ብዙ ነገር አለ፤ ሁለቱን ግን ደጋግሜ አነባቸዋለሁ። አንደኛው ስለ ይግባኝ ሰሚ ገደብ ነው። ይግባኝ ሰሚ ቅጣት የሚነካው የሥር ዳኛው የፈጸመው የመርህ ስህተት በቅጣቱ ላይ ለውጥ ካመጣ፣ ወይም ቅጣቱ በግልጽ የማይገባ ከሆነ ብቻ ነው። ስህተት መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ስህተቱ ምን አስከተለ የሚለው መመለስ አለበት። ሁለተኛው ስለ ሕፃኑ ነው። ፍርድ ቤቱ የጉዳቱ መጠን የሚለካው አካል በምን ያህል ተነካ በሚለው ብቻ መሆን የለበትም፤ የልጁ ክብር፣ የሰውነቱ ባለቤትነትና ያለ ፍርሃት የማደግ ዕድሉም መታየት አለበት አለ። ልጁ አልተቃወመም ወይም የተስማማ መሰለ የሚለው ቅጣት ለማቅለል ሊያገለግል አይችልም ሲልም በግልጽ ከለከለ። ከአርሲው ፍርድ ጋር ሳስተያየው ይህ ሁለተኛው ነጥብ ልቤን ይነካዋል። እኛ ዘንድ ልጅን ያሸነፈው ሐሳብ ማለትም «ፈቅዳለች» የሚለው፣ እዚያ ቅጣት ለማቅለል እንኳ አይበቃም ተባለ።

ያው የካናዳ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ደግሞ የሕፃናት ወሲባዊ ምስል ይዞ መገኘት ላይ ፓርላማው የደነገገውን የአንድ ዓመት ዝቅተኛ እስራት በ5 ለ4 ድምፅ ሻረው። የ18 ዓመት ልጅ ጓደኛው የላከለትን የ17 ዓመት የፍቅር ጓደኛ ምስል ቢቀበል ያንኑ ቅጣት መቀበሉ ሚዛን አይሆንም አለ። ይህ ብዙ ካናዳውያንን አስቆጥቷል። እኔ ግን ሁለቱ ፍርዶች አይቃረኑም እላለሁ። ሁለቱም ዳኛ ለፊቱ ለቀረበው ወንጀልና ለተጎዳው ልጅ የሚገባውን ያህል እንዲፈርድ፣ ሲፈርድም እንዲያስረዳ የሚጠይቁ ናቸው።

እኛ ቅጣት የምንወስነው በቅጣት አወሳሰን መመሪያ ነው፤ የመጀመሪያው በ2002 ዓ.ም.፣ የተሻሻለው በ2006 ዓ.ም. ወጣ። የመመሪያው ዓላማ መልካም ነበር፤ አንድ ዓይነት ወንጀል በአንዱ ችሎት 5 ዓመት፣ በሌላው 15 ዓመት እንዳያስቀጣ። ችግሩ ይግባኝ ላይ ይታያል። ይግባኝ ባዩ «ከዚህ በፊት ሪከርድ የለብኝም፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ፣ አልታሰበልኝም» ይላል፤ ችሎቱ ያልተያዘ ማቅለያ ካገኘ እርከኑን ዝቅ ያደርጋል፤ ዓመቱ ይቀነሳል። ሒሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጥቃቱ የተፈጸመው በገዛ ቤቱ ባለ ልጅ ላይ ሲሆን የቤተሰብ አስተዳዳሪነት እንዴት ማቅለያ ይሆናል? ያው አስተዳዳሪነቱ ነው ልጅቷን በእጁ ያስገባት። መመሪያው ዳኛው ይህን እንዲጠይቅ አይከለክልም፤ ጥያቄው በፍርዱ ላይ ሲጻፍ ግን እምብዛም አናይም።

ስለ ማስረጃ ምዘናም ሕጋችን ባዶ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ፍርድ የማስረጃውን ፍሬ ነገር፣ ማስረጃውን የተቀበለበትን ወይም ያልተቀበለበትን ምክንያትና የተመሠረተበትን አንቀጽ እንዲይዝ ያዝዛል። ይህን በይግባኝ ደረጃ አክብዶ መጠየቅ ይቻላል። የጥፋተኝነት ውሳኔን የሚሽር ይግባኝ ሰሚ የልጁን ቃል ካልተቀበለ፣ የሥር ፍርድ ቤቱ ለምን እንዳመነው አስቀድሞ ይጥቀስ፤ ከዚያ በየትኛው ማስረጃ እንደተቃረነ ይናገር። የሰበር ሰሚው ችሎት የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 በየትኛውም ደረጃ ላለ ፍርድ ቤት አስገዳጅ ሆኗል፤ ስለዚህ አንድ ግልጽ የሰበር ፍርድ «በሕፃን ጉዳይ ያለ ምክንያት የተሻረ የጥፋተኝነት ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው» ቢል ከዞን እስከ ክልል ያለው ሁሉ ይታረማል። አዲስ ሕግ ሳንጠብቅ ማድረግ የሚቻል ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

የልጁ ቃል ወደ ላይ የሚሄድበት ቅርጽም ሊሻሻል ይችላል። በአዲስ አበባ በልደታ ሕፃናት ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያዩ በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ የሚመሰክሩበት ችሎት አለ። ያ ምስል ተቀርጾ ከመዝገቡ ጋር ወደ ይግባኝ ቢሄድ ይግባኝ ሰሚው ከወረቀት የተሻለ ነገር ያያል፤ ልጁም ያንኑ ታሪክ እንደገና እንዲናገር አይገደድም። በክልል ከተሞች ካሜራው ከሌለ ቃሉ ጥያቄና መልሱ ሳይጨመቅ እንዳለ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ የምናየው «ምስክሯ ተከሳሹ እንደደፈራት መስክራለች» የሚል አንድ መስመር ነው፤ በአንድ መስመር ላይ ደግሞ ማንም የፈለገውን ሊያነብበት ይችላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ልጁና ቤተሰቡ በይግባኝ ክርክር ውስጥ ያላቸው ቦታ ነው፤ ቦታ የላቸውም ማለት ይቀላል። በወንጀል ይግባኝ ተከራካሪዎቹ ፍርደኛውና ዐቃቤ ሕጉ ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ በነፃ መለቀቅን ወይም የቅጣት ማነስን በጊዜው ካልተቃወመ የተበዳዩ ወላጅ በዚያ ላይ ራሱ የሚከፍተው በር የለም። ይህን ሥርዓት ሙሉ በሙሉ መለወጥ ረጅም ክርክር ይጠይቃል፤ የተከሳሹ መብት ስላለም ክርክሩ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ቀጠሮው መቼ እንደሆነ፣ ቅጣቱ ተቀንሶ እንደሆነ፣ ሰውየው ተፈትቶ ወደ ሰፈር ሊመለስ እንደሆነ ለእናትየው መንገር የማንንም መብት አይነካም። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚሰማው ፍርደኛው በር ላይ ቆሞ ሲያየው ወይም ጎረቤት ሲነግረው ነው። በመዝገቡ ላይ የእናትየው ስልክ ቁጥር ለፖሊስ ቃል ስትሰጥ ጀምሮ ተጽፏል፤ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ትእዛዝ ከሰጠ የሬጅስትራር ሠራተኛ በዚያው ቀን ሊደውልላት ይችላል።